ጆርጅ ኔፒያ፦ ሠላሳ ሁለት ጨዋታና አንድ ያልተደረገ ጉዞ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በተደጋጋሚ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ራግቢ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ከእርሱ ልጀምር። በ1968 ዓ.ም. ክረምት ምሩፅ ይፍጠር በሞንትሪያል ኦሊምፒክ መሮጥ ሲገባው አልሮጠም። ከአራት ዓመት በፊት በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቷል፤ በ5,000ው ሳይሰለፍ ቀርቷል፤ ሞንትሪያል የእርሱ ተራ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሁለቱንም ርቀቶች ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወሰዳቸው። ምሩፅም ሁለቱን ወርቆች በሞስኮ እስኪያነሣ ድረስ ሌላ አራት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ጥለው የወጡት በራግቢ ምክንያት እንደ ነበር ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የሶዌቶ ልጆች ደም ሳይደርቅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር። አፍሪካውያኑ «ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትውጣ» አሉ፤ ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም የሚል መልስ ተሰጣቸው፤ እነርሱም ራሳቸው ወጡ።

ይህን ታሪክ ከሞንትሪያል የሚጀምር ሰው መጽሐፉን ከመጨረሻው ምዕራፍ እንደሚያነብ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ ደግሞ ነገሩን በገዛ ሕይወቱ አጠቃልሎ የሚያሳየን የማኦሪው ተወላጅ ጆርጅ ኔፒያ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በራግቢ ዩኒየን አሥራ አምስት ተጫዋቾች ከአሥራ አምስት ጋር ይገጥማሉ። ኳሱ ሞላላ ነው። በእጅ የሚቀባበሉት ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ማስኬድ የሚቻለው ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። ከተጋጣሚው መስመር ባሻገር ኳሱን መሬት ያስነካ ትራይ አስቆጠረ ይባላል፤ በ1920ዎቹ ይህ ሦስት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ከሁሉም ኋላ ብቻውን የሚቆመው ተጫዋች ፉልባክ ይባላል። ሌላው ሁሉ ስሕተት ቢሠራ የሚያርመው አለ፤ ፉልባኩ ቢሳሳት ግን ከእርሱ በስተኋላ ያለው ባዶ ሣር ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ የፊት መስመር ተጫዋቾች ሰባትና ስምንት ሆነው፣ ኳሱን መሬት ለመሬት በእግራቸው እየገፉ፣ እንደ በሬ መንጋ ተግተልትለው መምጣት ልማዳቸው ነበር። የፉልባኩ ሥራ በዚያ ሁሉ ጫማ ፊት በግንባሩ ተወርውሮ ኳሱን ማንሣት ነው። ሌላም ልታስቡት የሚገባ ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ተቀያሪ ተጫዋች የሚባል አልነበረም። የተጎዳ ከወጣ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። ስለዚህ ብዙዎች ተሰብረውም እያነከሱ ይጨርሱ ነበር።

ኔፒያ በ1905 በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዋይሮዋ አካባቢ ተወለደ፤ ያደገውም ኑሃካ በምትባል የማኦሪ መንደር ነው። የተማረው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በሄስቲንግስ አጠገብ በከፈተችው የማኦሪ እርሻ ኮሌጅ ነበር። እዚያ አንድ አሜሪካዊ መምህር ነበር። አሜሪካውያን የራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ እንዳላቸው ታውቃላችሁ፤ ሰውየው ከዚያ ጨዋታ ያመጣውን ሰውን ከወገቡ በታች ይዞ የመጣል ስልትና ኳስን አዙሮ በርቀት የመምታት ጥበብ ለዚህ ልጅ አስተማረው። ኋላ እንግሊዞች «ይህ አያያዝ ከየት የመጣ ነው?» እያሉ ሲደነቁ፣ መልሱ ከኒውዚላንድም ከእንግሊዝም ውጭ መሆኑን ያወቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለ ባህል ስፖርት «ንጽሕና» አብዝተው ለሚከራከሩ ተማሪዎቼ ይህን ምሳሌ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ከኮሌጁ ወጥቶ ለሆክስ ቤይ አውራጃ ተጫወተ። ሆክስ ቤይ ከ1922 እስከ 1927 የራንፈርሊን ጋሻ፣ ይኸውም የኒውዚላንድ አውራጃዎች የሚፎካከሩበትን ታላቅ ዋንጫ፣ ለማንም ሳያስነካ የያዘ ኃይለኛ ቡድን ነበር። ኔፒያ መጀመሪያ የሚሰለፈው በፉልባክነት አልነበረም። ወደዚያ ቦታ የተወሰደው በ1924 ለብሔራዊው ቡድን፣ ኦል ብላክስ እየተባለ ለሚጠራው፣ ሲመረጥ ነው። ያን ጊዜ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ያንን ጉዞ በደንብ እንመልከተው። ኒውዚላንዶች ከዚያ በፊት በ1905 ወደ ብሪታንያ መጥተው ከሠላሳ አምስት ጨዋታ አንድ ብቻ ተሸንፈው ነበር፤ የተሸነፉትም በካርዲፍ በዌልስ 3 ለ 0 ነው። ቦብ ዲንስ የሚባል ተጫዋች ትራይ አስቆጥሮ ዳኛው አልቆጠረለትም የሚለው ክርክር በአገሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ትንሽ አገር፣ ከዓለም ጥግ የምትኖር፣ በታላቂቱ ጦርነት ልጆቿን በጋሊፖሊና በፈረንሳይ የቀበረች አገር፣ ክብሯን በዚህ ጨዋታ ላይ ሰቅላ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1924 የተላከው ቡድን ደግሞ ከመነሣቱ በፊት በኒው ሳውዝ ዌልስና በኦክላንድ ተሸንፎ ስለ ነበር ጋዜጦች ደካማ ነው ብለው ተስፋ ቆርጠውበት ነበር።

ቡድኑ በመርከብ ሳምንታት ተጉዞ እንግሊዝ ደረሰ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1924 የመጀመሪያውን ጨዋታ በዴቨን ላይ 11 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል፤ በብሪታንያና በአየርላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በመጨረሻም በመመለሻው መንገድ በካናዳ ሠላሳ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ሠላሳ ሁለቱንም አሸነፈ። 838 ነጥብ አስቆጠረ፤ የተቆጠረበት 116 ብቻ ነው። ቡድኑ ከዚያ በኋላ «የማይበገሩት» ተባለ። በቡድኑ ውስጥ ከነበሩት ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ተጫዋቾች መካከል ሠላሳ ሁለቱንም ጨዋታ የተጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ጆርጅ ኔፒያ። ሌሎቹ ሲደክሙ ያርፋሉ፣ ሲጎዱ ይታከማሉ፤ የኋላውን በር የሚጠብቀው ልጅ ግን ከመስከረም እስከ የካቲት፣ በጭቃውም በበረዶውም፣ ሳይለወጥ ቆመ። ከጨዋታው በፊት ማኦሪዎች የሚያሰሙትን ሃካ የሚባለውን ፉከራ የሚመራውም እርሱ ነበር። ፉከራ ስል የእኛን ሽለላና ቀረርቶ አስቡት፤ ደሙን የሚያሞቀው ነገር አንድ ነው።

ውጤቶቹ ሁሉ በቀላሉ የተገኙ አይምሰላችሁ። ኒውፖርት ላይ 13 ለ 10 ያሸነፉት ለጥቂት ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲን ያሸነፉት 5 ለ 0 ነው። ከአየርላንድ ጋር በደብሊን 6 ለ 0 ተለያዩ። ኖቬምበር 29 ቀን በስዋንሲ ዌልስን ሲገጥሙ ግን የ1905ቱ ዕዳ በልባቸው ነበርና 19 ለ 0 ከፈሉ። በዚያ ቀን የዌልስ የፊት መስመር ኳሱን በእግር እየገፋ ደጋግሞ ሲመጣ፣ ኔፒያ ደጋግሞ በጫማዎቹ መካከል እየገባ ኳሱን ሲያወጣ ያዩ ዌልሳውያን፣ ከማንም ይልቅ ራሳቸው፣ ይህን ልጅ ለዘመናት አወደሱት። ስለ ተሸናፊ ሕዝብ ፍትሐዊነት የምትጠይቁኝ ከሆነ ስዋንሲን እጠቅሳለሁ። ወደ ስዋንሲ በኋላ እንመለሳለን።

ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 በለንደን ትዊክነም ስታዲየም ከእንግሊዝ ጋር ተገናኙ። ወደ ስድሳ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽም ተገኝተዋል። ጨዋታው ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላው በፊት መስመሮቹ መካከል ቡጢና ርግጫ ተጀመረ። ዌልሳዊው ዳኛ አልበርት ፍሪቲ ሁለቱንም ወገን አስጠነቀቀ፤ ባልሰማ ጊዜ ሲረል ብራውንሊ የተባለውን ኒውዚላንዳዊ ከሜዳ አስወጣው። በአገሮች መካከል በሚደረግ የራግቢ ጨዋታ ተጫዋች ሲባረር ያ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ አሥራ አራት ሆነው ሊጫወቱ ነው። ቀድሞ ያስቆጠረውም እንግሊዝ ነበር። ሆኖም ኒውዚላንዶች አዙረው 17 ለ 11 አሸነፉ። የጎደለ ቡድን ሲጫወት ክፍተቱ ተንከባልሎ ተንከባልሎ የሚደርሰው ወደ ኋላው ሰው ነው፤ እንግሊዞች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲገፉ በመንገዳቸው የቆመው ኔፒያ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቱሉዝ ፈረንሳይን 30 ለ 6 ረቱ። ከስኮትላንድ ጋር አልተጋጠሙም፤ የስኮትላንድ ማኅበር ጉዞው የተዘጋጀበትን መንገድ ተቃውሞ አልጫወትም ብሎ ነበርና።

ያ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከኒውዚላንድ ሰዎች ሁሉ ስሙ በዓለም የታወቀ ከሚባሉት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ነበር። ሁዊንጋ ኮሄሬ የተባለች የኢስት ኮስት ወይዘሪት አግብቶ በራንጊቱኪያ ኑሮ መሠረተ፤ ሥራውም የወተት ከብት ማርባት ነበር። በ1926 እና 1927 ከማኦሪዎች ቡድን ጋር ደግሞ አውሮፓን ዞረ። እስከዚህ ድረስ ያለው የማንኛውም ታላቅ ስፖርተኛ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ብቻ ቢሆን አልጠራችሁም ነበር።

ወደ 1928 ከመድረሳችን በፊት ሁለት ነገሮችን ልንገራችሁ። በ1919 የኒውዚላንድ ጦር ሠራዊት ቡድን ከአውሮፓ ወደ አገሩ ሲመለስ በደቡብ አፍሪካ ለመጫወት አለፈ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ራንጂ ዊልሰን አባቱ የካሪቢያን ደሴቶች ተወላጅ ነበርና ከቡድኑ ጋር እንዳይጫወት ተከለከለ። አብሮ የተዋጋ ወታደር ነው። በ1921 ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ መጥቶ በኔፒየር ከተማ ማኦሪዎችን ገጥሞ 9 ለ 8 አሸነፈ። አብሮ የመጣ ጋዜጠኛ ወደ አገሩ የላከው ቴሌግራም ሾልኮ ወጥቶ በኒውዚላንድ ጋዜጣ ታተመ። ሰውየው የተቆጣው ስለ ጨዋታው አልነበረም፤ ነጭ ተመልካቾች ለጥቁሮች እየጮኹ በገዛ ዘራቸው ላይ መደገፋቸው አስጸይፎት ነበር። ኔፒየር ኔፒያ ከሚጫወትበት ከሆክስ ቤይ ውስጥ ናት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ኔፒያ ይህን ዜና ሳይሰማ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ፤ ግምት መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ።

በ1928 የኒውዚላንድ ራግቢ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦል ብላክስን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊልክ ቡድን መረጠ። የዓለም ምርጥ ፉልባክ የሚባለው ሰው፣ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ገና በጉልበቱ አፍላ ያለ፣ በስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጂሚ ሚል የሚባለው ድንቅ የማኦሪ ተጫዋችም የለም። ማኦሪ የሆነ አንድም ሰው የለም። ጥፋታቸው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ከብዙ ጸሐፊዎች የምለይበት አንድ ነጥብ አለኝ። ብዙ ጊዜ ሲጻፍ «ደቡብ አፍሪካ ከለከለቻቸው» ይባላል። እኔ ይህ አባባል ሰውን ከኃላፊነት የሚያድን ይመስለኛል። የስም ዝርዝሩ የተጻፈው በደቡብ አፍሪካ አይደለም፤ በኒውዚላንድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በትዊክነም ኋላቸውን የጠበቀላቸውን ሰው የሰረዙት ያው ያጨበጨቡለት ሰዎች ናቸው። እንግዳ ተቀባዩ ቅር እንዳይለው ሲባል ወንድምን ከደጅ ማስቀረት ከአስተናጋጁ ዘረኝነት የተለየ በደል ነው፤ ለብቻው ስም ሊሰጠው ይገባል። በእኛ ገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ዱላ ሲመዛዘኑ ማንም ቅር እንደማይሰኝ ታውቃላችሁ። የእንግሊዞቹም ጨዋታ በሜዳው ውስጥ ያንን እኩልነት ሰጥቶ ነበር፤ የነሣው በምርጫ ጠረጴዛው ላይ ነው።

የጉዞው ውጤት ምን ሆነ? በደርባን በመጀመሪያው ታላቅ ጨዋታ ኦል ብላክስ 17 ለ 0 ተሸነፉ። ከአራቱ ጨዋታዎች ሁለቱን አሸንፈው ሁለቱን ተሸንፈው ተመለሱ። ኔፒያ ቢኖር ኖሮ የሚለውን የ«ቢሆን ኖሮ» ሒሳብ አልወድም፤ ስለዚህ እተወዋለሁ። ዳሩ ግን በአገሩ ካፌና መጠጥ ቤት ይህን ሒሳብ ያልሠራ ሰው እንዳልነበረ መገመት ይቻላል።

በ1929 ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ተጎዳ። በ1930 የብሪታንያ ቡድን ወደ ኒውዚላንድ ሲመጣ አራቱንም ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ የመጀመሪያውን 6 ለ 3 ተሸንፈው የቀሩትን ሦስት አሸነፉ። በዚያ አበቃ። ለኦል ብላክስ በጠቅላላው 46 ጊዜ ተጫውቷል፤ ከእነዚህም ዘጠኙ አገር ከአገር የተገናኙባቸው ናቸው። ከ46ቱ ሠላሳ ሁለቱ፣ ማለት ከሦስት እጅ ሁለቱ፣ በዚያ በአንዱ ጉዞ የተጫወታቸው መሆናቸውን አስተውሉ። የዚህ ሰው ዝና የቆመው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሳለፋቸው ጥቂት ወራት ላይ ነው።

ከዚያ የዓለም ኢኮኖሚ ድቀት መጣ። የወተት ዋጋ ወደቀ፤ የራንጊቱኪያ እርሻ ቤተሰብ የማያሳድር ሆነ። ስለ ገንዘብ ስንናገር የራግቢን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1895 በሰሜን እንግሊዝ ያሉ ክለቦች፣ ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩና፣ ቅዳሜ ሲጫወቱ የሚቀርባቸው የቀን ደመወዝ ይከፈላቸው ብለው ጠየቁ። አልተፈቀደም። በሃደርስፊልድ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ የእነርሱ ጨዋታ ውሎ አድሮ አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት የሚጫወቱት ራግቢ ሊግ ሆነ። ራግቢ ዩኒየን በበኩሉ ገንዘብ የማይነካው የ«አማተሮች» ጨዋታ ሆኖ እስከ 1995 ቆየ። ከሊጉ አንድ ሳንቲም የተቀበለ ሰው ከዩኒየኑ ለዘለዓለም ይባረር ነበር። ይህ ሕግ ጠበቃ፣ ሐኪምና የባለጸጋ ልጅ ለሆነ ተጫዋች የክብር ሕግ ነው፤ ወተት አልቦ ለሚያድር ሰው ግን የቅጣት ሕግ ነው።

በ1935 ኦል ብላክስ እንደገና ወደ ብሪታንያ ሊጓዙ ሲዘጋጁ ኔፒያ ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ አልተመረጠም። በዚያው ዓመት ስትሬታም ኤንድ ሚቻም የሚባል አዲስ የለንደን የሊግ ክለብ 500 ፓውንድ አቀረበለት። ባለቤቱንና ልጆቹን በራንጊቱኪያ ትቶ ተሳፈረ። ብዙዎች ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩበት። የኢኮኖሚ ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ልብ በሉ፤ ብሔራዊው ማኅበር በትዊክነም በሮች ላይ የመግቢያ ዋጋ ሲሰበሰብ ጨዋታው አማተር ነበር፤ ኋላውን የጠበቀው ሰው ዕዳውን ሊከፍል ሲሞክር ግን አማተርነቱን አጎደፈ ተባለ።

ለንደን ሳለ ጥሩ ድምፅ ነበረውና ዘፈኑን በሸክላ አስቀርጿል፤ ይህን የምነግራችሁ ሕይወቱ ሁሉ መከራ እንዳይመስላችሁ ነው። የለንደኑ ክለብ ብዙ አልቆየም። ኔፒያ በዮርክሻየር ወዳለው ወደ ሃሊፋክስ ተዛወረ፤ በ1937 ወደ አገሩ ተመልሶ ለኒውዚላንድ የሊግ ቡድን አውስትራሊያን ገጠመ። በሁለቱም ዓይነት ጨዋታ አገሩን ወክሏል ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዩኒየኑ በር እንደገና ተከፈተለት፤ በ1947፣ በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ ለኢስት ኮስት ተሰለፈ። በ1950 ደግሞ ኦሊምፒያንስ የሚባለውን ቡድን በአምበልነት እየመራ ፖቨርቲ ቤይን ገጠመ። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። የፖቨርቲ ቤይ አምበል ማን ነበር? የገዛ ልጁ፣ እርሱም ጆርጅ ኔፒያ። በኒውዚላንድ ከፍተኛ ደረጃ ጨዋታ አባትና ልጅ በተቃራኒ ወገን ሲሰለፉ ሌላ አልታየም፤ በዚያ ደረጃ የተጫወተ ከእርሱ የሚበልጥ ሽማግሌም አልነበረም። ወደ ሜዳው መሐል እጅ ለመጨባበጥ ሲወጡ አንዱ ለአንዱ ምን እንዳለ ማወቅ ብችል ደስ ባለኝ።

አሁን የጀመርነውን ክር እንያዘው። በ1949 ኦል ብላክስ እንደገና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ እንደገና ያለ ማኦሪ። በ1960 ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሡ ግን ኒውዚላንድ ዝም አላለችም፤ «ማኦሪ ከሌለ ጉዞ የለም» የሚል አቤቱታ ከመቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበበት። ቡድኑ ያም ሆኖ ሄደ። የ1967ቱ ጉዞ ግን ተሰረዘ። በ1970 ማኦሪዎች እንዲሄዱ ተፈቀደ፤ የፈቃዱ ስም ግን «የክብር ነጮች» የሚል ነበር። አንድ ሰው ለመጫወት ሲል የራሱን መልክ በክብር ስም እንዲተው መጠየቁ ከ1928ቱ ይሻላል ወይስ ይከፋል? እኔ ይከፋል ባይ ነኝ፤ በዚህ ላይ ከእኔ የሚለይ ቢኖር በውይይቱ ሰዓት ይሟገተኝ።

በ1976 የሶዌቶ ተማሪዎች ከተገደሉ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቡድኑ በደቡብ አፍሪካ ይጫወት ነበር። እንግዲህ ወደ ሞንትሪያል ደረስን። ያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ እንደ ነበሩ፣ አፓርታይድን ከስፖርት በማስወጣት ትግል ውስጥም ስማቸው ከፊት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። በሞንትሪያል የ1,500 ሜትር ወርቅ የወሰደው ጆን ዎከር ነው፤ ኒውዚላንዳዊ። የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ በዚያ ቀን በመም ላይ አልነበረም። ምሩፅም አልነበረም። ዎከርም ቢሆን በዚህ ጥፋት የለበትም፤ ድሉ ግን ዕድሜ ልኩን «ባዪ ቢኖርስ?» የሚል ጥያቄ ተከትሎታል። በ1928 በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተሰረዙ ሁለት ስሞች ዕዳቸው በአርባ ስምንት ዓመቱ የማያውቋቸው ሯጮች ላይ እንዲህ አረፈ።

የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ማኅበራት ከጉዞው የተገለሉትን ማኦሪዎች በይፋ ይቅርታ የጠየቁት በ2010 ነው። ኔፒያ ከሞተ ወደ ሃያ አራት ዓመት ይጠጋ ነበር። ያረፈው በኦገስት 1986 በሩዋቶሪያ ሲሆን የተቀበረው በራንጊቱኪያ ነው።

ወደ ስዋንሲ እንመለሳለን ብያችሁ ነበር። በ1982 የማኦሪዎች ቡድን ዌልስን ሲጎበኝ ኔፒያ አብሮ ሄደ። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነበር። በስዋንሲ በዚያው በሴንት ሄለንስ ሜዳ፣ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት አገራቸውን 19 ለ 0 ባሸነፈበት ሣር ላይ ሲታይ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ተነሥቶ ቆሞ አጨበጨበለት። ከቆሙት መካከል አብዛኞቹ እርሱ ሲጫወት ያላዩ፣ ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው።

ጥያቄዎቻችሁን እንስማ።